ሰፈሩ ከላይ፣ ምንጩ ከታች



ስለተማርኩበት አገር እንድናገር ስጋበዝ፣ ስለ ፓሪስ እንዳወራ የጠበቃችሁ ትኖሩ ይሆናል። እኔ ግን የማወራችሁ ተከራይቼ ስለኖርኩባት፣ በደቡብ ፈረንሳይ ስላለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነው።

ስሟ ሴን ክሌማን ደ ሪቪዬር ይባላል፤ በእኛ «ቅዱስ ቀሌምንጦስ ዘወንዝ» እንደማለት ነው። የምትገኘው ከሞንፔሊዬ በስተሰሜን፣ እምብዛም ሳትርቅ ነው። 658 ሜትር ከፍታ ያለው የፒክ ሴን ሉ ተራራ ከሰሜን አሻግሮ ያያታል። ነዋሪዋ 5,000 ያህል ነው። ጠዋት ሰዉ መኪናውን አስነስቶ ሞንፔሊዬ ይወርዳል፤ ማታ ይመለሳል። ፈረንሳዮች እንዲህ ያለችውን «የመኝታ ከተማ» ይሏታል።

እንዲህ የሆነችው ግን በቅርቡ ነው። እስከ 1960ዎቹ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ) ጥቂት መቶ ሰው የሚኖርባት የገጠር መንደር ነበረች። በ1962 አልጄሪያ ነፃ ስትወጣ፣ ከዚያ ከወጡት ፈረንሳውያን ብዙዎቹ ሞንፔሊዬ ሰፈሩ። በ1965 ደግሞ አይቢኤም እዚያው ፋብሪካ ከፈተ። ከተማው ሲሞላ ቤት ፈላጊው ወደ ኮረብታዎቹ ወጣ።

ዋናው ነገር ግን ያለው ከመሬት በታች ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መሐንዲሱ አንሪ ፒቶ የሴን ክሌማንን ምንጭ ጠልፈው፣ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ቦይ ሞንፔሊዬ አስገቡት። በ1753 የተጀመረው ሥራ ከ10 ዓመት በላይ ፈጀ። ፓምፕ የለ፣ ሞተር የለ፤ ውሃውን የሚነዳው ቁልቁለቱ ብቻ ነበር። ከተማው ጋ ሲደርስ ሸለቆውን ይሻገርበት የነበረው፣ ከ800 ሜትር በላይ የሚረዝም ባለ ሁለት ደርብ የድንጋይ ቅስት ዛሬም ቆሟል። መካኒካል የተማራችሁ እኚህን ሰው ታውቋቸዋላችሁ፤ አሁን የአውሮፕላን ፍጥነት የሚለካበትን የፒቶ ቱቦ በ1732 የወንዝ ፍጥነት ለመለካት የፈለሰፉት እሳቸው ናቸው።

ይህም ሳይበቃ ሲቀር በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዚያው አካባቢ የሚፈልቀው ትልቁ የሌዝ ምንጭ ተጨመረ። ሌዝ 30 ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላ ወንዝ ነው፤ ፓላቫስ ላይ ሜዲትራኒያን ይገባል። ምንጩ ግን ጉልበተኛ ነው። ዝናቡ በተሰነጣጠቀው የኖራ ድንጋይ ሰርጎ፣ በዋሻና በስንጥቅ ውስጥ ተጠራቅሞ፣ ከጥልቀት ይወጣል። ጂኦሎጂ የተማርን ካርስት የምንለው ነው።

ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ከዚያው ከምንጩ ሥር በሰከንድ እስከ 1,700 ሊትር በፓምፕ ይቀዳል። በደረቁ ወራት የሚቀዳው በተፈጥሮ ከሚፈልቀው ይበልጣል፤ ጉድለቱን የመጪው ወቅት ዝናብ ይሞላዋል። ብድር ነው እንበል። ወንዙ እንዳይነጥፍም ውሃ ይለቀቅለታል፤ ምክንያቱም ከላይኛው ሌዝ በቀር በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኝ አንድ ትንሽ ዓሣ እዚያ ይኖራል።

እንግዲህ ብድሩ የሚከፈለው ዝናቡ ሲመጣ ነው። ሌላም ስጋት አለ። ካርስት እኮ ውሃን እንደ አሸዋ አያጣራም። ምንጩን በሚመግቡት ኮረብታዎች ላይ የተደፋ ዘይት ወይም የሞላ የሽንት ቤት ጉድጓድ ሳይውል ሳያድር ምንጩ ጋ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ እዚያ አካባቢ ቤት መሥራት የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ታች ከተማ ውስጥ ቧንቧ የሚከፍተውንም ሰው ይመለከታል። ሰዎቿ ጸጥታ ፍለጋ ቢመጡም፣ «የመኝታ ከተማ» ያሏት ምድር ሌሊትም ሥራ ላይ ናት።

ዛሬም እያስተማራችሁ ላላችሁ መምህሮቻችን አንድ ልመና አለኝ። ተማሪዎቻችሁ ለአዲስ ሰፈር ካርታ ሲያነሱ፣ መንገዱንና ቤቱን ከመሳላቸው በፊት ከሥሩ ያለውን ውሃና ውሃውን የሚጠጣውን ሰው እንዲያስቀድሙ አድርጉልን።