የከተማ ኑሮና የልቡና ጤና
በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።



ይህች ደብር የተተከለችበት 50ኛ ዓመት በሚከበርበት በዛሬው ቀን እንድናገር ስለ ታዘዝሁ፥ ሰው የሚኖርበት ሰፈር ለልቡናው ጤና ወይም ለልቡናው ሕመም ምን ያህል ምክንያት እንደሚሆን ጥቂት ቃል ላቀርብ አስቤአለሁ። ይህንም ነገር የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ስትተከል ዙሪያዋ እርሻና ሜዳ ነበረ፤ ዛሬ ግን ፎቅ ቤትና የመኪና መንገድ ከቦአታል። በዚህም ላይ በግቢው ያሉት ጽድና ወይራ ተቈርጠው በስፍራቸው የሚከራይ ሱቅ ይሠራ የሚል አሳብ ለሰበካ ጉባኤው ቀርቧል። ስለዚህ ምክሩ ሳያልቅ፥ ሊቃውንት ስለዚህ ነገር መርምረው ያገኙትን ማወቅ ይገባናል።

ከተማ ክፉ ነው አልልም። ትምህርት ቤቱም፥ ሆስፒታሉም፥ የዕለት እንጀራ የሚገኝበት ሥራም በከተማ በዝቶ ይገኛል። ዳሩ ግን ከተማ በሰው ልቡና ላይ የሚጭነው ሸክም እንዳለ የብዙ አገር መርማሪዎች ጽፈዋል። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እናገራለሁ።

በአሜሪካ ሀገር ፋሪስና ደንሃም የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1939 ባሳተሙት መጽሐፍ፥ በሺካጎ ከተማ በአእምሮ ሕመም ምክንያት ሆስፒታል የገቡትን ሰዎች በየሰፈራቸው ቈጠሩ። ስኪዞፍሬንያ የተባለው ጽኑ ደዌ፥ ሰው ጎረቤቱን በማያውቅበት፥ ተከራይም ዛሬ ገብቶ ነገ በሚወጣበት በከተማው መካከል በዝቶ፥ ወደ ዳር በወጡ ቍጥር እያነሰ ሲሄድ አገኙት። ከእነርሱ በኋላ የመጡት ግን፥ ሰፈሩ ሰውን ያሳምማልን፥ ወይስ የታመመው ሰው ደኽይቶ ወደዚያ ሰፈር ይወርዳል? ብለው ተከራከሩ። ጥያቄው መልካም ነው፤ ምክንያትን ከውጤት ሳይለዩ መፍረድ አይገባምና።

በዴንማርክ ተደርጎ በ2019 የታተመው ምርመራ ይህን ለመለየት ደከመ። ከ900,000 የሚበልጡ ሰዎችን ታሪክ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በመዝገብ ተከታተለ፤ በቤታቸው አጠገብ የነበረውንም ልምላሜ ከሳተላይት በተነሣ ሥዕል ለካ። ልምላሜ በሌለበት ሰፈር ያደጉት፥ በልምላሜ መካከል ካደጉት ይልቅ በኋላ ዘመናቸው በአእምሮ ሕመም መያዛቸው እንደ ሕመሙ ዓይነት እስከ 55 በመቶ በልጦ ተገኘ። የወላጆች ሀብትና ድህነት፥ የቤተ ሰብም የሕመም ታሪክ ከታሰበ በኋላ እንኳ ልዩነቱ አልጠፋም።

በፊላደልፊያ ከተማ ደግሞ ነገሩን በፈተና አዩት። 541 የተተዉ ባዶ ቦታዎችን በዕጣ በሦስት ከፈሉ። በአንደኛው ክፍል ቆሻሻው ተጠርጎ ሣርና ጥቂት ዛፍ ተተከለ፤ በሁለተኛው ቆሻሻው ብቻ ተጠረገ፤ ሦስተኛው እንዳለ ተተወ። በ2018 በታተመው ውጤት፥ ሣርና ዛፍ በተተከለበት አጠገብ ከሚኖሩት መካከል ልባችን ያዝናል የሚሉት፥ ምንም ካልተደረገበት ስፍራ ሰዎች ጋራ ሲመዛዘኑ 41.5 በመቶ ቀነሱ። ቆሻሻው ብቻ በተጠረገበት ግን የሚታመን ለውጥ አልታየም።

ዛፍን በመስኮት ማየት እንኳ ይጠቅማል። ሮጀር ኡልሪክ በ1984 እንዳሳተመው፥ በፔንስልቬንያ በአንድ ሆስፒታል ስለ ሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 46 ሕሙማን እኩሌቶቹ በመስኮታቸው ዛፍ ያዩ ነበር፤ እኩሌቶቹም የጡብ ግንብ። ዛፍ ያዩት ቀድመው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ የወሰዱትም ጽኑ የሕመም ማስታገሻ ያነሰ ነበር።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቅኔ መምህር ተማሪዎቹ ቅኔ እንዲቈጥሩ ወደ ዱርና ወደ ዛፍ ጥላ ይሰዳቸዋል፤ በጩኸት መካከል ምሥጢር አይገኝምና። በጎንደርና በጎጃም ገጠርም ቤተ ክርስቲያን ያለችበት ስፍራ ከሩቅ በዛፏ ይታወቃል፤ ዙሪያው እርሻ በሆነበት በብዙ ቦታ የጥንቱ ደን የተረፈው በቅጽሯ ውስጥ ነው። ጌታችንም ሊጸልይ በወደደ ጊዜ ከሕዝቡ ፈቀቅ ብሎ ወደ ተራራና ወደ አትክልት ስፍራ ይሄድ ነበር።

ሱቅ ይሠራ የሚሉት ወንድሞቻችን ክፉ አስበው አይደለም። የካህናት ደመወዝ፥ የዕጣንና የጧፍ ወጪ፥ የነዳያንም ምግብ ገንዘብ ይፈልጋል። ነገር ግን ሱቁ በውጭው አጥር በመንገዱ በኩል ሊሠራ ይችላል፤ 50 ዓመት ያደገ ጽድ ግን ከተቈረጠ በኋላ በገንዘብ አይመለስም። ደግሞም በኦሪት ሕግ ኢዮቤልዩ ምድር የምታርፍበት ዓመት ነው። በኢዮቤልዩአችን ምድሪቱን ከዛፏ ብናራቍታት፥ በዓሉን በስሙ አክብረን በግብር መሻር ይሆንብናል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናለሁ። ፊተኛው፥ ዛፎቹ ይጠበቁ፤ በጥላቸውም ሥር መቀመጫ ተሠርቶ ደጁ ከጧት እስከ ማታ ለሁሉ ክፍት ይሁን፤ ሥራ ያጣው ወጣትም፥ ልጅ ያዘለችውም እናት ገብተው ይረፉ። ሁለተኛው፥ የድምፅ ማጉያችን በሌሊት ወደ ውስጥ ይመለስ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2018 ለአውሮፓ አገሮች ባወጣው መመሪያ የሌሊት የመኪና መንገድ ድምፅ ከ45 ዴሲቤል እንዲያንስ መክሯል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ልቡናው ይደክማልና። ማሕሌቱ አይቅር፤ ነገር ግን በአጠገባችን ያለው ሕመምተኛና ሕፃን ይተኛ። ሦስተኛው፥ ሰንበቴያችንና ማኅበራችን አዲስ የመጣውን ተከራይ ፈልገው ይጥሩት። የሺካጎዎቹ ሊቃውንት እንደ ገመቱት፥ ሰውን እጅግ የሚጎዳው በብዙ ሕዝብ መካከል ሳለ ብቸኛ መሆኑ ነውና።

ዛፍ ጽኑ የአእምሮ ደዌን ይፈውሳል ማለቴ አይደለም። በዚህ የተያዘ ወንድም ወይም እኅት ቢኖር፥ በጸሎትና በጠበል እየረዳን ወደ ሐኪምም እናድርሰው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልምና።

ይህችን ደብር የተከሉልን አባቶችና እናቶች ችግኙን ውሃ እያጠጡ አሳድገው ጥላውን ለእኛ አወረሱን። እኛም ለልጆቻችን እንድናወርስ እግዚአብሔር ማስተዋሉን ይስጠን፤ ያለፉትንም ነፍሳቸውን ይማር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ አሜን።