ጥያቄ የወለደው ዓላማ



ወጣት ዓላማውን የሚያገኘው በምክር ብዛት ሳይሆን ሌሎች የሚተማመኑበት ኃላፊነት በእጁ ሲገባ ነው። ለዚህ በአሜሪካ፣ በካንሳስ ግዛት የሚገኘው የፒትስበርግ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጋዜጣ ምስክር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 የጋዜጣው አዘጋጅ ተማሪዎች አዲስ የተቀጠሩትን ርእሰ መምህርት ለአንባቢ ለማስተዋወቅ ተነሡ። ዲግሪ ሰጠ የተባለውን ተቋም ቢፈልጉ፣ ዕውቅናውን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አጡ። ስድስቱ ወጣቶች አሉባልታ አላናፈሱም፤ መረጃ አገላበጡ፣ የመንግሥትን የትምህርት መሥሪያ ቤት ጠየቁ፣ ርእሰ መምህርቷንም በስልክ አነጋግረው መልሳቸውን ጻፉ። ጽሑፉ ማርች 31 ቀን ወጣ፤ ርእሰ መምህርቷም ኤፕሪል 4 ቀን፣ ሥራ ሳይጀምሩ፣ ኃላፊነቱን ለቀቁ።

ይህ ድፍረት ያለ ከለላ አልቆመም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1988 በሰጠው ውሳኔ፣ ትምህርት ቤቶች በራሳቸው ወጪ የሚታተሙ ጋዜጦችን ይዘት የመቈጣጠር ሰፊ ሥልጣን አግኝተው ነበር። ካንሳስ ግን በ1992 ባወጣችው ሕግ ለተማሪ ጋዜጠኞች ነጻነት ጥበቃ ሰጠች።

መሐንዲስ ስሌቱ በሌላ ዐይን ሳይመረመር ድልድይ አያሠራም፤ የሚመረምረውም ሰውን ለማዋረድ ሳይሆን ተሻጋሪውን ለማዳን ነው። እነዚያ ተማሪዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ለማስተዋወቂያ የጀመሩት ጽሑፍ፣ ጥያቄያቸው ለከተማው ሕዝብ እንደሚጠቅም ባወቁ ጊዜ አደራ ሆነ።

እንግዲህ «ማን ፈተሸው?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ሲገኝ፣ ዝም ከማሰኘት ይልቅ አፈታተሹን ማስተማር የባለሙያ ሁሉ ግዴታ ነው።