ከ1923ቱ ሕገ መንግሥት እስከ ማኅበራችን ደንብ

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ወለቃ ከተደረገው ንግግር)



የአገራችን የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ታወጀ። ያረቀቁት በሩሲያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ፣ የጃፓንን ሕገ መንግሥት በአርአያነት ተጠቅመዋል። በ55 አንቀጾቹ ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ። ይሁንና ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ተብሎ፣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት መኳንንቱና የአካባቢ ሹማምንት ነበሩ። ገበሬው ግብር ከፋይ እንጂ መራጭ አልነበረም። እንደራሴውን እንዲመርጥ የተፈቀደለት በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ነው።

በመሠረታዊ ማኅበሮቻችን ግን አንድ ዕጣ ያለውም አሥር ያለውም ድምፁ አንድ ነው። ከጠቅላላ ጉባኤ የቀረ አባል ይህን ድምፁን ለሌላ አሳልፎ ይሰጣል። ስለዚህ ሒሳብ ሲነበብ እንጠይቅ፤ ደንብ ሲሻሻል እንከራከር።