የእርስ በርስ ጦርነትን ታሪክ ለፈተና ስለ ማጥናት

(በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የታሪክ ፈተና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ያደረገው ንግግር።)




የተማሪዎች ኅብረት ዛሬ እንድናገር ሲጠራኝ የሰጠኝ ርእስ አጭር ነው። «ለታሪኩ ፈተና እንዴት እንዘጋጅ?» የሚል ነው። ጥያቄው የሒሳብ ፈተናን የሚመለከት ቢሆን ኖሮ «ቀመሩን እወቁ፣ መልመጃውን ሥሩ» ብዬ በተቀመጥሁ ነበር። ነገር ግን ፈተናው ስለ እርስ በርስ ጦርነት ሲሆን ተፈታኙ ከጥያቄው ውጭ የቆመ ሰው አይደለም። አንዱ የሚፈተንበት ድል የሌላው ቤት ሐዘን ነው፤ ሁለቱም ደግሞ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጽፋሉ።

እንደሚታወቀው «የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ» የሚባለው ትምህርት 3 ክሬዲት አለው። መሐንዲስ ለመሆን የመጣውም፣ ሐኪም ለመሆን የመጣችውም ያልፉበታል። በ2012 ዓ.ም. የተዘጋጀው መማሪያ 7 ምዕራፎች አሉት፤ ትረካውም እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ይዘልቃል። በመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ከዓድዋና ከማይጨው ጎን ለጎን ወገን ከወገኑ የተዋጋባቸው ስሞች ተደርድረው ታገኛላችሁ። ራስ ሚካኤል ስሑል ዐፄ ኢዮአስን ካስገደሉበት ከ1761 ዓ.ም. ጀምሮ ካሣ ኃይሉ ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን እስካሸነፉበት እስከ 1847 ዓ.ም. የቆየው ዘመነ መሳፍንት አለ። በ1874 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የተገናኙበት እምባቦ አለ። ሰገሌና አንቺም አሉ። በመጨረሻም በ1953 ዓ.ም. በኤርትራ ተጀምሮ በ1983 ዓ.ም. ያበቃው ረጅም ጦርነት፣ በመካከሉም ከተሞችን ያነደደው የ1969 እና የ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር አለ።

ታዲያ ይህን ሁሉ አንድ ሰው እንዴት አድርጎ ያጠናዋል? እኔ ሐሳቤን በአንድ ዐረፍተ ነገር ልበለውና ከዚያ ወደ ዝርዝሩ እገባለሁ። ለዚህ ፈተና ተዘጋጅቷል የሚባለው ተማሪ፣ የማይወደውን ወገን ምክንያት ያ ወገን ራሱ ቢያነበው «አዎን፣ እኛ ያልነው ይህንኑ ነው» በሚልበት አኳኋን መጻፍ የሚችል ነው። የቀረው ሁሉ ለዚህ መሣሪያ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ዘመን አቈጣጠር።

መማሪያው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ ዓመቱን የሚሰጠው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። እኛ ደግሞ ከቤታችን ይዘን የመጣነው የራሳችንን ነው። ከዚህ የተነሣ ብዙ ተማሪ ነገሩን እያወቀ ነጥብ ይጥላል። ደንቡ ቀላል ነው። ከመስከረም 1 ቀን እስከ አውሮፓውያን ዓመት መጨረሻ ድረስ 7 ጨምሩ፤ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜን ድረስ 8 ጨምሩ። ሰገሌ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ በእነርሱ 1916 ይሆናል። አንቺም መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ 1930 ይሆናል። በደብተራችሁ ሁለት ዓምድ አስምራችሁ ሁለቱንም ጻፉ። ወሩን ያላወቀ ሰው ዓመቱን በትክክል መመለስ አይችልምና ወሩን አትተዉ።

ሁለተኛ፤ ስለ ስም።

ጦርነት ከመጻፉ በፊት ስም ይወጣለታል፤ ስም አውጪው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከተዋጊዎቹ አንዱ ነው። አሜሪካኖች ከ1861 እስከ 1865 (በእነርሱ አቈጣጠር) እርስ በርሳቸው ተዋግተዋል፤ ዛሬም በዚያው ጦርነት ታሪክ ተፈትኖ የኮሌጅ ክሬዲት የሚገኝበት ፈተና አላቸው። በዚያ ጦርነት ሰሜኖቹ ውጊያውን በአጠገቡ በሚፈሰው ወንዝ ሲጠሩት ደቡቦቹ በከተማው ይጠሩት ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ታላቅ ውጊያ ለአንደኛው ወገን «ቡል ረን» ሲሆን ለሌላው «ማናሳስ» ነው። ውጊያው ግን አንድ ነው፤ ሜዳውም አንድ ነው።

የእኛ ከዚህ ይብሳል። እኛ የምንለያየው በወንዝና በከተማ ስም ብቻ አይደለም፤ በሰውዬው ስም ነው። በደርግ ዘመን ራዲዮ «ወንበዴ» ወይም «ገንጣይ» ይባል የነበረው ሰው በራሱ ሰፈር «ታጋይ» ነበር። አንደኛው «አብዮታዊ ሠራዊት» ያለውን ሌላው «የደርግ ወታደር» ይለዋል። «ዘመነ መሳፍንት» የሚለው ስም ራሱ ፍርድ አለበት፤ በእስራኤል ንጉሥ ያልነበረበትን ዘመን ከሚተርከው ከመጽሐፈ መሳፍንት የተወሰደ ነውና። እንግዲህ በፈተና ወረቀት ላይ ድርጅቱን በሕጋዊ ስሙ፣ ጦሩንም በክፍሉ ስም ጥሩት። ስድብ ወይም ውዳሴ መጻፍ ግድ ከሆነ ደግሞ ማን እንዳለው ጨምሩበት። ይህ ይሉኝታ አይደለም፤ የታሪክ ሥራ የሚጀመርበት በር ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ምክንያት።

«የሰገሌ ጦርነት ምክንያት ምን ነበር?» ቢባል «ልጅ ኢያሱ ሃይማኖታቸውን ስለ ለወጡ» ብሎ ብዕሩን የሚያስቀምጥ አለ። ይህ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ የቀረበው ክስ ነው። ክስና ምክንያት ግን አንድ አይደሉም። ከክሱ በታች የሸዋ መኳንንት ሥልጣን ከእጃቸው እየወጣ ነው የሚለው ስጋት አለ። ከዚያም በታች የዓለም ጦርነት አለ፤ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣልያ ሌጋሲዮኖች ልጅ ኢያሱ ወደ ቱርክና ወደ ጀርመን ያዘነብላሉ ብለው ይፈሩ ነበር። በሌላው በኩል የወሎው ንጉሥ ሚካኤል አሉ። ልጃቸው ከዙፋን ሲወርድ አባት ጦር አስከትተው መምጣታቸውን በእርሳቸው ዐይን ስታዩት የአመፅ ሥራ አይደለም፤ ለእርሳቸው አመፀኞቹ አዲስ አበባ ያሉት ናቸው። መልሳችሁን በሦስት ደረጃ ክፈሉት፤ የተነገረው ምክንያት፣ የቆየው ምክንያት፣ ጦሩን ያስነሣው የቅርብ ምክንያት ብላችሁ። ሦስቱንም ለሁለቱም ወገን ጻፉ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ወጥመድ ላስጠንቅቅ። አንቺም ላይ ራስ ጉግሣ ወሌ ወደቁ፤ በዚያ ውጊያ አውሮፕላን ከሰማይ ወረቀትም ቦምብም ጥሏል። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ የቀድሞ ባለቤታቸው ንግሥት ዘውዲቱ ዐረፉ። ሁለት ነገር ተከታትሎ ሲደርስ ፊተኛው ኋለኛውን አመጣው ማለት ያስጎመጃል። ተከታትለዋል ብላችሁ ጻፉ፤ አንዱ ሌላውን ስለ ማምጣቱ ግን ማስረጃ ካልያዛችሁ ብዕራችሁን ያዙ። የኛ ሰፈር ስሙን ያገኘው ያለ ገመድ ከሚሠራው ቴሌግራፍ ነው ይባላል። ወሬ ያለ ገመድ ቢመጣ ደኅና ነው፤ ታሪክ ግን ያለ ማስረጃ አይመጣም።

አራተኛ፤ ስለ ምስክር።

አንድ ነገር ስታነቡ ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ ለማን ጻፈው ብላችሁ ጠይቁ። የዐፄ ቴዎድሮስን ዜና መዋዕል አለቃ ዘነብም አለቃ ወልደ ማርያምም ጽፈውታል። የመጀመሪያው የንጉሡ አድናቂ ነው፤ የሁለተኛው ብዕር ግን ጭካኔያቸውን አይሸሽግም። «ከሁለቱ የትኛው ዋሸ?» ብሎ መነሣት ከንቱ ነው። «እያንዳንዱ ከቆመበት ቦታ ምን ይታየው ነበር?» ማለት ይሻላል። ስለ ሰገሌ ዘመንም የመርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስን ትዝታ አንብቡ፤ ያዩትንና የሰሙትን ብለው የጻፉት ነውና። ስለ ኋለኛው ጦርነት የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴንና የፕሮፌሰር ገብሩ ታረቀን መጻሕፍት ከመማሪያው ጎን አስቀምጡ።

የሟቾችን ቍጥር በሚመለከት ደግሞ አንድ ቃል ልበል። ቍጥር የሚጽፍ ሰው የቈጠረውን ይጥቀስ። ያልተቈጠረን ሙት በግምት ማባዛትም ሆነ መቀነስ ሟቹን ሁለተኛ መግደል ነው።

አምስተኛ፤ ስለ መጨረሻ ቀን።

ተማሪ «ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ጦርነቱ አበቃ» ብሎ ያሰምራል። ለመንግሥት ለውጥ ቀኑ ትክክል ነው። ነገር ግን በዚያው ግንቦት ወር መጨረሻ፣ አዲስ አበባ ከተያዘች ሳምንት ገደማ በኋላ፣ በዚሁ በከተማችን የጥይት ማከማቻ ፈንድቶ ሰው አልቋል፤ ስመ ጥሩው ኬንያዊ የፎቶግራፍ ጋዜጠኛ መሐመድ አሚን ግራ ክንዱን ያጣው በዚያ አደጋ ነው። ከጎረቤት ሽማግሌዎች ብትጠይቁ የዚያን ሌሊት ድምፅ የሚነግሯችሁ ይኖራሉ። ስለዚህ «ውጤት» የሚለውን ጥያቄ ስትመልሱ ዙፋኑን ማን እንደ ወረሰ ብቻ አትጻፉ። ወታደሩ ወዴት ሄደ? የተረፈው ጥይት የት ቀረ? የሟች ቤተሰብ በምን ኖረ? ይህም ውጤት ነው።

ስድስተኛውና የመጨረሻው፤ ስለ አብሮ ማጥናት።

ባለፈው ዓመት ጀሞ አካባቢ በተከራየነው ክፍል አምስት ሆነን ስናጠና የ1981 ዓ.ም. የካቲት የሽሬ ውጊያ ላይ ደረስን። አንደኛዋ ጓደኛችን አክስቷ በሕወሓት በኩል ተዋግታለች፤ ገጹን ስታነብ ድምፅዋ ከፍ አለ። ሌላው ጓደኛችን የእናቱ አባት በ604ኛው ኮር ነበሩ፤ አልተመለሱም። እርሱ ደብተሩን ዘጋ። ለጥቂት ጊዜ ሻይ የሚያፈላ እንኳ ጠፋ። ከዚያ እርሷ «አንተ የእኔን ወገን ጻፍ፤ እኔ የአያትህን እጽፋለሁ» አለችው።

ግማሽ ሰዓት ጻፉ። እርሱ መሬት ለአራሹ ከታወጀ በኋላም የትግራይ ገበሬ ልጁን ወደ በረሃ የላከበትን ምክንያት ጻፈ፤ አስገዳጁን አገዛዝ፣ የአውሮፕላኑን ድብደባ፣ የ1977ቱን ረኀብ አልተወም። እርሷ ደግሞ ከደቡብና ከመሐል አገር የተመለመለው ወታደር «የአገሬን አንድነት እጠብቃለሁ» ብሎ እንደ ሄደ፣ ከአንድ ዓመት በፊት አፋቤት ላይ የናደው ዕዝ ሲፈርስ ያ ሠራዊት ምን ያህል እንደ ተሰበረ፣ የዕዙ አዛዥ ብርጋዲየር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔም ከውጊያው ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ በራሳቸው መንግሥት ትእዛዝ እንደ ተገደሉ ጻፈች። ወረቀት ተለዋወጡ። እርሱ አንብቦ አንድ ቃል ብቻ አረመ፤ «ሸሹ» የሚለውን ሰርዞ «አፈገፈጉ» አለ። እርሷም ተቀበለችው። ከዚያ ወዲያ አልተስማሙም፤ ዛሬም ስለ ጦርነቱ ፍርዳቸው ይለያያል። ሁለቱም ግን ፈተናውን በመልካም ውጤት አለፉ፤ እስከ ዛሬም አብረው ያጠናሉ።

ስለዚህ የጥናት ቡድናችሁን ከአንድ አገር ልጆች ብቻ አታቋቁሙ። ከጎንደር፣ ከመቀሌ፣ ከነቀምት፣ ከጅግጅጋ፣ ከወላይታ፣ ከዚሁ ከላፍቶ የመጣ ይኑርበት። ለነጥብም ይጠቅማል፤ የራሱን ወገን ብቻ የሰማ ሰው የሚጽፈው ግማሽ መልስ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ አንድ ነገር ሳልናገር ብቀመጥ ንግግሬ ጎደሎ ይሆናል። መማሪያው በ1980ዎቹ አጋማሽ ያበቃል። እኛ ግን ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የጀመረውን፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት የተፈረመበትን ጦርነት በዕድሜያችን አይተናል። ከመካከላችን በትግራይ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶበት ዓመታት የጠፉበት አለ። በአማራና በአፋር የተማረበት ክፍል የፈረሰበት አለ። በኦሮሚያም፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ቤተሰቡ የተጎዳበት አለ። ይህ በዘንድሮው ፈተና አይጠየቅም። ነገር ግን አንድ ቀን ይጠየቃል፤ መልሱን የሚጽፉትም ዛሬ እዚህ የተቀመጡት ናቸው። ሰገሌን በሁለት ወገን ዐይን ማየት ያልተለማመደ ሰው የራሱን ዘመን ሲጽፍ ምን ይጽፋል?

ለመምህራኖቻችንም በአክብሮት አንድ ልመና አለኝ። የተማሪው ቍጥር ብዙ፣ የእርማቱም ድካም ከባድ መሆኑን እናውቃለን። ቢሆንም ከምርጫ ጥያቄው ጎን «የሁለቱን ወገን ምክንያት አስረዳ» የሚል አንድ የጽሑፍ ጥያቄ ቢጨመርልን፣ ቀንና ስም ብቻ ሸምድደን እንዳንወጣ ይረዳናል።

እንግዲህ የቀረን ሁለት ሳምንት ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ለዘመንና ለስም፣ ሁለተኛውን ለምክንያትና ለውጤት ስጡት። በፈተናው ዋዜማ አዲስ ነገር አታንብቡ፤ በጊዜ ተኙ። ወረቀቱ ሲሰጣችሁም መጻፍ ከመጀመራችሁ በፊት ከጎናችሁ የተቀመጠው ማን እንደ ሆነ አስቡ። መልሱን አትቅዱበት፤ መልሳችሁን ግን እርሱ ቢያነበው እንዳያፍርባችሁ አድርጋችሁ ጻፉ።