ዶሮዎቻችንን ምን እናብላቸው?



ያበሻ ዶሮ ጭራ ታድራለች እንላለን። ስናበላትም በቆሎ ወይም ማሽላ በተን አድርገን እንተዋለን። እህል ጉልበት ይሰጣል፤ ብቻውን ግን ገላ አይገነባም።

ሥጋ፣ ላባና እንቁላል የሚሠሩት ከፕሮቲን ነው። ቤት ከድንጋይ እንደሚሠራ ሁሉ ፕሮቲንም አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ጥቃቅን ነገሮች ይሠራል። በደሟ ውስጥ ሆነው በሽታን የሚዋጉት ዘቦችም የሚሠሩት ከእነዚሁ ነው። ከእነሱ መካከል ላይሲንና ሜታዮኒን የሚባሉትን ዶሮ በገላዋ መሥራት አትችልም፤ ከምትበላው ማግኘት አለባት። አንዱ ከጎደለ ሌላው ቢተርፍም አይጠቅማትም። ጫጩት ትቀጭጫለች፤ በሽታም ይደፍራታል።

ታዲያ ምን እናድርግ? በቆሎ ላይሲን ያንሰዋል። ባቄላና አተር ላይሲን አላቸው፤ ሜታዮኒን ግን ይጎድላቸዋል። የኑግ ፋጉሎ ደግሞ ሜታዮኒን አለው። ሦስቱን ፈጭተን ብንቀላቅል አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ምስጥ ካገኘንም እንጨምርላት። አኩሪ አተር ግን ሳይቆላ አይሰጥ፤ ጥሬው ይጎዳታል።

አንድ ነገር እንዳንረሳ፤ መኖ ክትባትን አይተካም። ፈንግል ከገባ ቆጡን ባዶ ያስቀራል። ክትባቱም ቢሆን የሚበረታው በደንብ በበላች ዶሮ ላይ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም አናጓድል።