ወለድ የሌለበት ማዳበሪያ

በምሩቃን መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



ሐኪም ስለ ማዳበሪያ ምን አገባት ትሉ ይሆናል። እኔም ድሮ እንደዚያው አስብ ነበር። ተመርቄ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ደቡብ ወሎ ስሠራ፣ አንድ አባት በምግብ እጥረት የተጎዳች ልጁን አቅፎ መጣ። አክመን፣ ክብደቷ ሲስተካከል ሸኘናት። ክረምት ላይ ተመልሳ መጣች። ተናደድኩ። «ማዳበሪያ በብድር ይሰጥ የለም እንዴ? ለምን አትወስድም?» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ «ዶክተር፣ ወለድ አለበት እኮ» አለኝ። እኔ ግን ካርዷ ላይ «የቤተሰብ ቸልተኝነት» ብዬ ጻፍኩ። ልጅቷ ዳነች፤ ያ የጻፍኩት ነገር ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሰውየው ቸልተኛ አልነበረም፤ በልጁ ረሃብና በሃይማኖቱ መሀል ተይዞ ነበር።

ብሔራዊ ባንክ ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎትን የሚፈቅደውን መመሪያ ያወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክ ሥራ የጀመረው ደግሞ በ2013 ነው። መልካም ጅምር ነው። ነገር ግን የባንክ ቅርንጫፍ የሚበዛው ከተማ ላይ ነው። ቀበሌው ድረስ ለገበሬው የሚደርስለት የራሱ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። በሙራበሃ ማኅበሩ ማዳበሪያውን ራሱ ይገዛል፤ የገዛበትን ዋጋና የሚጨምረውን ትርፍ በግልጽ ተናግሮ ለአባሉ በዱቤ ይሸጣል። አባሉ ለመክፈል ቢዘገይም ዋጋው አይጨምርም። በሰለም ውል ደግሞ ገበሬው የእህሉን ዋጋ ቀድሞ ይቀበልና፣ በተስማሙበት መጠን፣ ዓይነትና ቀን ያስረክባል። በእቁብና በደቦ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ግን አንሸዋወድ። የሙራበሃው ትርፍ ከብድሩ ወለድ ከበለጠ፣ ገበሬው ያገኘው የስም ለውጥ ብቻ ነው። በሰለሙ ውል ዋጋው እጅግ ወርዶ ከተቆረጠም፣ እህሉን ገና በማሳው እያለ በርካሽ ከሚገዛው ነጋዴ በምን ተለየ? ዝናብ ከቀረስ? ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች አንዱ ባለዕዳ ነው፤ ሰብል ለጠፋበት አባል የሚሆን መጠባበቂያ ከዚያ ሊነሳ ይችላል። እናቶችም በባላቸው ሳይሆን በራሳቸው ስም አባል ይሁኑ። ለልጅ የሚቀረውንና ለገበያ የሚወጣውን እህል ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሂሳብ ባለሙያ አለ፤ የሕግ ሰው አለ፤ የግብርና ምሩቅ አለ። የምጠይቃችሁ ገንዘብ አይደለም። በዓመት ሁለት ቀን ስጡን። አንዳችሁ የማኅበሩን መዝገብ መርምሩ፤ አንዳችሁ ውሉን ገበሬው በሚገባው አማርኛ ጻፉለት፤ አንዳችሁ አፈሩን አይታችሁ ስንት ኩንታል እንደሚበቃው ንገሩት።

ከምሳ በኋላ በር ላይ ደብተር ይዤ እቆማለሁ። ስማችሁን ሳታስመዘግቡ እንዳትወጡ፣ አደራ!