ለፍቅር የሚጋልብና ለደመወዝ የሚጋልብ፦ በበረሃ እሽቅድምድም ውስጥ የአማተሩ ቦታ



ዛሬ የምናገረው በአገራችን እምብዛም ስለማይዘወተር ስፖርት ነው፤ ከመንገድ ውጪ፣ በበረሃና በአሸዋ ላይ፣ በመኪናና በሞተር ብስክሌት ስለሚደረገው የረጅም ርቀት እሽቅድምድም። የስፖርት ሶሲዮሎጂን ሳስተምር ወደዚህ ስፖርት ደጋግሜ የምመለሰው የሞተር ድምፅ ስለሚማርከኝ አይደለም። አንድ ጥያቄ ከሌሎች ስፖርቶች ይልቅ እዚህ ላይ ገሀድ ወጥቶ ስለሚታይ ነው። ሰዎች ለደስታቸው የጀመሩት ነገር ሙያ በሆነ ጊዜ፣ ዛሬም ለደስታው ብቻ የሚመጣው ሰው ቦታው የት ነው? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳውቅ።

በቃሉ እንጀምር። በአማርኛችን «አማተር» ስንል ብዙውን ጊዜ ጀማሪ፣ ገና ያልበሰለ ማለታችን ነው። የቃሉ ሥር ግን በላቲን «መውደድ» የሚለው ግሥ ነው። አማተር ማለት በመሠረቱ ሥራውን ስለሚወደው የሚሠራ ሰው ማለት ነው እንጂ የማይችል ሰው ማለት አይደለም። ይሁንና የቃሉ ታሪክ ንጹሕ አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የእንግሊዝ የጀልባ ቀዘፋ ደንቦች መካኒኮችን፣ የእጅ ባለሙያዎችንና የጉልበት ሠራተኞችን ከአማተርነት ያገልሉ ነበር። አማተርነት የፍቅር ስም ሆኖ ሳለ የመደብ አጥርም ሆኖ አገልግሏል ማለት ነው። ይህን እንያዘው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከመንገድ ውጪ የሚደረገው እሽቅድምድም ሁለት ታላላቅ ምንጮች አሉት። የመጀመሪያው በሜክሲኮ የሚገኘው የባሃ ካሊፎርኒያ ልሳነ ምድር ነው። በ1962 ዴቭ ኤኪንስና አንድ ጓደኛው ከቲዋና እስከ ላ ፓስ በሆንዳ ሞተር ብስክሌት ጋለቡ። ሰዓት የሚይዝላቸው ዳኛ ስላልነበረ መነሻቸውንና መድረሻቸውን በቴሌግራም ቤት ማኅተም አስመዘገቡ፤ ኤኪንስም ጉዞውን ከ40 ሰዓት በጥቂቱ ባነሰ ጊዜ ፈጸመ። በ1967 በዚያው ምድር ላይ የመጀመሪያው መደበኛ ውድድር ተካሄደ። ያሸነፉት ቪክ ዊልሰንና ቴድ ማንግልስ ሲሆኑ፣ ከ1,300 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ በ27 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ጨረሱ። የነዱት መኪና በፎልክስዋገን አካል ላይ የፋይበርግላስ ቀፎ የተገጠመለት፣ ማንም እጁ የሰላ ሰው በግቢው ሊገጣጥመው የሚችል ነበር።

ሁለተኛው ምንጭ ሰሐራ ነው። ፈረንሳዊው ቲየሪ ሳቢን በ1977 በሌላ ውድድር ላይ በሞተር ብስክሌት ሲጓዝ በሊቢያ በረሃ ጠፍቶ ከሞት ተረፈ። በታኅሣሥ 1978 ከፓሪስ እስከ ዳካር የሚዘልቀውን ውድድር መሠረተ። ከተነሡት 182 ተሽከርካሪዎች ዳካር የገቡት 74 ብቻ ነበሩ። ያሸነፈው ሲሪል ኔቮ የጋለበው ከመደብር የሚገዛ ዓይነት ያማሃ ሞተር ብስክሌት ነበር። የማሮ ወንድማማቾች በትንሿ ሬኖ 4 ተወዳድረው መጨረሻው ላይ ደረሱ፤ በ1982 ደግሞ በሬኖ 20 የመኪናውን ዘርፍ አሸነፉ።

ከዚያ ፋብሪካዎች መጡ። ፖርሽ በ1984 እና በ1986 አሸነፈ፤ ፔዦ ከ1987 እስከ 1990 በተከታታይ ድሉን ወሰደ። የለውጡን ምንነት ከሁሉ በላይ የሚያሳየው የ1989ኙ ገጠመኝ ነው። የፔዦ ሁለት ነጂዎች፣ አሪ ቫታነንና ዣኪ ኢክስ፣ ለአንደኝነት ይፋለሙ ነበር። የቡድኑ መሪ ዣን ቶት እርስ በርስ ሲፎካከሩ መኪኖቹን እንዳይሰባብሩ ሰጋና ሳንቲም ወደ ላይ ወረወረ። ዕጣው ለቫታነን ወጣ፤ ቫታነን አንደኛ፣ ኢክስ ሁለተኛ ሆኑ። ከድርጅቱ አንጻር ውሳኔው ምክንያታዊ ነበር፤ ለድርጅቱ የሚያስፈልገው የመኪናው ማሸነፍ እንጂ የማን ማሸነፍ አይደለም። ከጨዋታው አንጻር ግን ጨዋታው የቆመው እዚያች ሳንቲም ላይ ነው።

የኔዘርላንድሱ የታሪክ ምሁር ዮሃን ሁይዚንጋ በ1938 ባሳተመው «ሆሞ ሉደንስ» መጽሐፉ፣ ስፖርት በደንብና በሥርዓት እየተደራጀ በሄደ ቁጥር ከንጹሕ የጨዋታ ባሕርይው የሆነ ነገር እንደሚጎድልበት ተከራክሯል። ሳንቲሟ ለሁይዚንጋ ጥሩ ምስክር ትመስላለች። እኔ ግን ክርክሩን በሙሉ ልቀበለው አልችልም። ሁለት ምክንያቶች አሉኝ።

አንደኛው፣ ንጹሕ መነሻ የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። የ1962ቱን የባሃ ጉዞ የደገፈው ሆንዳ ነበር፤ ዓላማውም ሞተር ብስክሌቱ ጠንካራ መሆኑን ለገበያ ማሳየት ነበር። ንግድ ኋላ የገባ እንግዳ ሳይሆን ከመጀመሪያው በማዕዱ የተቀመጠ ባለቤት ነው።

ሁለተኛውና የሚከብደው፣ የአማተር ደስታ ዋጋ የሚከፍለው አማተሩ ብቻ አለመሆኑ ነው። በ1982 የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ልጅ ማርክ ታቸር በአልጄሪያ በረሃ ለስድስት ቀናት ጠፍቶ፣ የአልጄሪያ ጦር ፍለጋ ወጥቶለታል። በ1986 ሳቢን ራሱ ከዘፋኙ ዳንኤል ባላቭዋን ጋር በማሊ በሄሊኮፕተር አደጋ ሞተ። በ1988 ሦስት ተወዳዳሪዎች ሲሞቱ፣ ሦስት ሌሎች ሰዎችም ውድድሩ በሚያልፍባቸው አገሮች በመንደራቸው አቅራቢያ ተገጭተው ሞቱ። እነዚያ ሰዎች ለጀብዱው አልተመዘገቡም። ዛሬ እያንዳንዱ ተሽከርካሪ በሳተላይት የሚከታተሉት መሣሪያ መያዙ፣ የሐኪሞች ሄሊኮፕተር ተዘጋጅቶ መጠበቁ፣ በሰፈር መካከል ፍጥነት መገደቡ የሙያዊነት ፍሬ ነው። የጥንቱን ነጻነት የሚናፍቅ ሰው ይህን ፍሬ ከነሥሩ ነቅሎ ሊጥለው አይገባም።

እንግዲህ ችግሩ ሙያዊነት ካልሆነ ምንድን ነው? በእግር ኳስ የሰፈር ተጫዋች በዓለም ዋንጫ አይሰለፍም። በበረሃ እሽቅድምድም ግን ደመወዝተኛውና ወዳጁ በአንድ ቀን፣ በአንድ አሸዋ ላይ ይነሣሉ። ከዚህም በላይ አንዱ ካለ ሌላው አይቆምም። የፋብሪካ ቡድኖች ካሜራውንና ዝናውን ያመጣሉ፤ ከኪሳቸው የመመዝገቢያ ክፍያ የሚከፍሉት በርካታ አማተሮች ደግሞ የሰልፉን ርዝመት ይሠራሉ። አማተሩ ተወዳዳሪም ደንበኛም ነው። አደጋው ያለው ተወዳዳሪነቱ ጠፍቶ ደንበኝነቱ ብቻ ሲቀር ነው።

አዘጋጆቹ ይህን የተረዱ ይመስለኛል፤ መፍትሔዎቻቸውም በሦስት ይመደባሉ። የመጀመሪያው መለየት ነው። ከ2021 ጀምሮ «ዳካር ክላሲክ» ለቀድሞ ዘመን መኪኖች የራሱ መስመር ተሰጥቶታል። ደስታው ይጠበቃል፤ ግን ወደ ጎን ወጥቶ ነው። ሁለተኛው መገደብ ነው። የሞተር ብስክሌቶቹ መጠን በ450 ሲሲ ተወስኗል። ሀብታም ቡድኖች የጉዞ መምሪያውን ሌሊቱን ሙሉ ከሳተላይት ምስል ጋር የሚያመሳክሩ ባለሙያዎችን ይቀጥሩ ስለነበር፣ ውድድሩ በ2020 ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሲሄድ መምሪያውን ጠዋት ከመነሣታቸው በፊት ማደል ተጀመረ። በ2024 ደግሞ ተወዳዳሪዎች ሲመሽ በደረሱበት ጣቢያ ያለ መካኒክና ያለ ቡድን በድንኳን የሚያድሩበት የሁለት ቀን ጉዞ ተጨመረ። ሦስተኛው ማክበር ነው። ረዳት የሌላቸው የሞተር ጋላቢዎች ዕቃቸውን በአንድ ሳጥን ለአዘጋጁ አስረክበው፣ ቀን ጋልበው፣ ማታ ጎማቸውን ራሳቸው ቀይረው የሚወዳደሩበት የራሳቸው ደረጃ አለ።

የእንግሊዞቹን የቀዘፋ ደንብ አሁን እናስታውሰው። ያ ደንብ መካኒኩን ከአማተርነት አስወጣው፤ እዚህ ግን አማተር የሚባለው የራሱ መካኒክ የሆነው ሰው ነው። ቃሉ ከመደብ አጥርነት ወጥቶ ወደ ሥሩ የተመለሰበት ቦታ ቢኖር ይህ ነው እላለሁ።

ከሦስቱ መንገዶች መለየትን ብቻ የመረጠ ስፖርት ሰላም ያገኛል፤ ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች ይጎዳሉ። አማተሩ ራሱን የሚለካበት እውነተኛ ሚዛን ያጣል፤ ባለሙያውም ውድድሩ ለምን እንደተጀመረ የሚያስታውሰው ሰው ያጣል። ስለዚህ የእኔ መመዘኛ ይህ ነው፦ በአንድ ስፖርት ውስጥ የመጨረሻው ሰው መድረስ ዛሬም እንደ ድል ይቆጠራልን? በመጀመሪያው ዳካር የ74ኛው መድረስ ይቆጠር ነበር። አሸናፊ ያልሆነ ሁሉ ተመልካች የሚሆንበት ቀን ሲመጣ ስፖርቱ ትርዒት ሆኗል ማለት ነው፤ ያን ቀን የሚያመጣው ደመወዙ ሳይሆን የሚቆጠረው ነገር መጥበቡ ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ ይህ ጉዳይ ከአሸዋው ውጪም ያገኛችኋል። ዩኒቨርሲቲም ለዕውቀት ፍቅር የሚያነቡና ለማዕረግ ነጥብ የሚጽፉ ሰዎች በአንድ መስመር የሚነሡበት ቦታ ነው፤ ብዙዎቻችንም ሁለቱንም ነን። ደንብ፣ ደመወዝና ምዘና ያስፈልጉናል። ነገር ግን ምዘናው ሊቆጥረው የማይችለውን ንባብ ማን እንደሚያነበው፣ ያንንም ሰው በምን እንደምናከብረው እንድትጠይቁ፣ እኛንም መምህራኑን ሳትፈሩ እንድትጠይቁን አደራ እላለሁ።